የመርዶው ግዝት

እኅቴ ሰርካለም ደቡብ ሱዳን ሄዳ በነፃ ልታዋልድ ነው የተባለ ሰሞን አገሩ በሙሉ የሚጠይቀው እኔን ነበር። እሷን ደፍሮ የሚጠይቃት የለማ። "ደግሰው፣ እውነት ነው?" ይሉኛል። "እውነት ነው።" "በነፃ?" "በነፃ።" "ምን ነካት?" እዚህ ላይ ሲደርሱ ሞፈሬን አንሥቼ እሄዳለሁ፤ ምን እንደነካት ለእኔም አልገባኝም ነበር። የሰው እኅት ዐረብ አገር ሄዳ ለወንድሟ ቤት ታሠራለች። የኛዋ መኝታና ቀለብ ይበቃኛል ብላ ሁለት ዓመት ሰው አገር ልትንከራተት ተነሣች።

ዘመኑ 2004 ነው። ቤታችን ከላሊበላ ወዲያ፣ ገነተ ማርያም ነው። አባታችን ቄስ ደባሱ እዚያው ደብር ሲቀድሱ ነው ያረጁት፤ እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ሰርካለም ታላቄ ናት፣ አዋላጅ ነርስ። መጀመሪያ ኩልመስክ ጤና ጣቢያ ሠራች፣ ኋላ ወደ አገሯ ተዛወረች። ባል አላገባችም። "ይህን ሁሉ ምጥ እያየች እንዴት ታግባ" ይላሉ ሴቶቹ። እሷ ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አትመልስላቸውም።

ጠባይዋን ማወቅ የፈለገ የቅሬያችንን ወንዶች ይጠይቅ። ቅሬ ሞት ሲመጣ የሚያስቀብረን ማኅበራችን ነው፤ ሬሳ የሚሸከመው ትከሻ ግን ምጥ የጠናባትን ሴትም በቃሬዛ አድርጎ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የአቶ ሰጠኝን ሚስት አዘግይተው ረፋድ ላይ አመጧት። ሰርካለም ሴትዮዋን በሰላም ካገላገለች በኋላ ወደ ውጭ ወጣችና "ለቀብር ጎህ ሳይቀድ ትነሣላችሁ፤ ለምጥ ፀሐይ እስኪሞቅ ትጠብቃላችሁ። ከሁለቱ የሚቸኩለው የትኛው ነው?" አለቻቸው። የቅሬው ዳኛ አቶ የሻው በሰው ፊት አንገታቸውን የሚደፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ምጥ ሲባል ሩጫ ነው።

ለምን እንደምትሄድ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ገብስ እያጨድን ነበር።

"በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ ወተት ታጠጣን የነበረችው ፈረንጅ ትዝ ትልሃለች?" አለችኝ።

እኔ ያኔ በእናቴ ጀርባ ነበርኩ፤ ምን ትዝ ይለኛል። "የለም" አልኳት።

"እኔ ትዝ ትለኛለች። እሷም እኮ አባት ነበራት" አለች።

እኔም ወደ ማጭዴ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ምን ነካት ሲለኝ መቆጣት ጀመርኩ።

ስንቁ ይዘጋጅ ጀመር። በሶ ተፈጨ፣ ሽሮ ተከካ፣ በርበሬ ተሰጣ። ያዋለደቻቸው ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለውና እየጎተቱ ይመጣሉ፤ አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ምንም ሳትይዝ እንባዋን ብቻ። ሰርካለም ሁሉንም ታጽናናለች፤ የምትሄደው እሷ ሳትሆን እነሱ ይመስሉ ነበር። ብቻዋን ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ሥራ ይዛ ድንገት ቀጥ ትላለች። አንድ ቀን ነዶ ተሸክማ መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ፊቷን ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አዙራለች።

"እታለም፣ ገብሱ በራሱ እግር አውድማ ይሄዳል?" አልኳት።

"እዚያ ተራራ የለም አሉ" አለችኝ። "ሜዳና ረግረግ ነው። ውርጭም የለም። ጠዋት ስነሣ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው እንጃ።"

ልቀልድባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ተራራው ሁልጊዜም ከዚያው ስላለ አይቼው የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን አብሬያት ቆሜ አየሁት። ናፍቆት ከመሄድ በፊት እንደሚጀምር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ስለ ጉዞዋ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም የሚባለው በእኛ ቤት እውነት ሆነ። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ይመጣሉ፣ ቁርሳቸውን ይቀምሳሉ፣ ስንቁን ዘወር ብለው ያያሉ፣ ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ። ሰርካለም ሻንጣዋን ባነሣች ባስቀመጠች ቁጥር መቋሚያቸውን ይጨብጣሉ። እንዲህ ዝም ሲሉ አንድ ነገር እያሰቡ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ሰርካለም ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም። የመዋጮውና የቃሬዛው ጥገና ነገር ካለቀ በኋላ አባቴ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

"ልጄ ትሄዳለች" አሉ። "እኔ አርጅቻለሁ። እሷ ሰው አገር ሳለች ብሞት፣ ሥራዋን ፈጽማ እስክትመለስ መርዶዬን እንዳትነግሯት በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ። ስትጠይቅ ደህና ናቸው በሏት።"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። መርዶ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ወገን ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፤ ሐዘንተኛው በሰው መካከል ሆኖ ይሰማል፤ ወዲያው ይይዙታል፣ ይደግፉታል። ይህን መከልከል ያልተለመደ ነው።

አቶ የሻው ተነሡ። "ቄስ፣ በግዝት ሊያስዋሹን ነው?"

"ሞቼ በእግዚአብሔር እጅ ከሆንኩ ደህና አይደለሁም እንዴ?" አሉ አባቴ።

አሜን ብለን ተነሣን።

ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ተሻግረው ነበር። ትምህርቱ ገና ሲገባቸው የአባታቸው መርዶ ደረሰ። ለልቅሶ ቢመጡ እናት አልለቀቀቻቸውም፣ መሬቱም አልለቀቃቸውም፤ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ዛሬም ማኅሌት ላይ ባለ ቅኔው ሲነሣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ልጃቸው መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው ነገሩ። ከፍቅር ነው። ቢሆንም ተናደድኩ። ከቤታችን ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ኔትወርክ የሚገኘውም ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እሁድ እሁድ እዚያ ወጥቶ የሚያነጋግራት እኔ ነኝ። ግዝቱ የቅሬው ሁሉ ቢሆንም የሚዋሸው አፍ የእኔ ነው።

አባቴ ግን አንድ ቀዳዳ ትተው ነበር። ሞታቸውን እንዳንነግራት ገዘቱ እንጂ መገዘታቸውን እንዳንነግራት አልገዘቱም። ይህችን ቀዳዳ ቤቴ ሳልደርስ አገኘኋት። ማታውን ሳላሳድር ሄጄ ነገርኳት።

ሰርካለም በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ እጇ ግን ቆመ።

"እንግዲህ ደህና ናቸው ስትለኝ ምን ብዬ ልስማ?" አለች።

"ደህና ናቸው ብለሽ ነዋ።"

"ቢኖሩም ደህና ናቸው ትለኛለህ፣ ቢሞቱም ደህና ናቸው ትለኛለህ። ታዲያ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ አባት የለኝም ማለት አይደለም?"

መላ ያገኘሁ መስሎኝ "እንግዲያው እንዲህ እናድርግ" አልኳት። "ክፉ ነገር ከመጣ ስለ አባ አላነሣም፤ ስለ ገብሱ ብቻ አወራሻለሁ። አንቺ ያን ጊዜ ትረጃለሽ።"

"ግዝት በገብስ አይታለፍም" አለች። ትንሽ ቆይታም፣ "ደግሞ ስለ ገብሱ ማወቅ እፈልጋለሁ" አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኅቴ ስታለቅስ ያየሁት እናታችን በሞተች ጊዜ ብቻ ነው፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ በርበሬውን መቀንጠስ ያዝኩ፤ በዚያው እጄ ዓይኔን ነክቼ እኔም አለቀስኩ።

"አልሄድም" አለች።

እንዳትሄድ ስመኝ የከረምኩ ሰው ነኝ። መደሰት ነበረብኝ፤ አልተደሰትኩም። እዚያ ደቡብ ሱዳን የሚያምጡት ሴቶች ሳላውቃቸው ታዩኝ፤ ቃሬዛ የሚሸከም ቅሬ እንኳ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም።

"ለአባ ንገሪያቸው። ይፍቱት" አልኳት።

"ለእኔ ብለው ያደረጉትን እንዴት አፍርሱልኝ እላለሁ? ደግሞ አባን ታውቃቸዋለህ። በጉባኤ የተናገሩትን በጓዳ አይመልሱም።"

እውነቷን ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የአባቴ ደግሞ ካፍም ከመስቀልም የወጣ ነው። አልሄድም ያለችውን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ሻንጣው እንደተከፈተ ከረመ። ሴቶቹ ስንቅ ሲያመጡ ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ጥግ ታስቀምጠዋለች። ሲመርቋት አሜን ትላለች፤ ፊቷ ግን አሜን አይልም።

የመሸኛው ቀን ኅዳር ጽዮን ላይ ነበር። በማግሥቱ በጋሸና በኩል የሚወጣ መኪና ይወስዳታል ተብሏል። ከቅዳሴ መልስ ደጃችን ላይ ዳስ ተጣለ፤ ጾም ስለሆነ ሽሮና ስልጆ፣ ጠላም እንደልብ ቀረበ። ቅሬው በሙሉ መጣ። እኔ ግን እህሉ አልወርድ አለኝ፤ ይህ ሁሉ ሰው የሚሸኛት እኅቴ ቀሪ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሎች በየተራ መረቁ። አባቴ ከሁሉ በኋላ ሊመርቁ ከጥግ ተቀምጠዋል።

ይህን ጊዜ ሰርካለም ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ላይ ቆመች።

"እኔም የዚህ ቅሬ አባል ነኝ" አለች። "አባቴ በሚካኤል ዕለት የነገሯችሁን ሰምቻለሁ። እኔም የምጠይቃችሁ አለኝ።"

አባቴ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ጠላዬን አየሁ።

"እኔ ቄስ አይደለሁም፣ አልገዝትም። ግን በገነተ ማርያም ይዣችኋለሁ። የምሄድበት አገር ወባ አለ፣ ተኩስም አይጠፋም። ብሞት ለአባቴ እንዳትነግሯቸው። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ደህና ናት በሏቸው። ሁለት ዓመቱ ቢያልፍም ደህና ናት በሏቸው። እርጅናቸውን በሰላም ይፈጽሙ።"

ጠላ የምትቀዳው ሴት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቀረች።

"ምን አልሽ አንቺ?" አሉ አባቴ።

"አንቱ ያሉትን ነው፣ አባ።"

"እኔ ሽማግሌ ነኝ። የሽማግሌ ሞት ምን ወሬ ይሆናል?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "አንቺ ግን ደህና ናት ሲሉኝ በምን ልመን? ደግሰው ከጉብታው በወረደ ቁጥር ፊት ፊቱን ሳይ ልኖር ነው? እህል በጉሮሮዬ ይወርዳል? ቅዳሴ ስገባስ? ስምሽን ከሕያዋን ጋር ልጥራ ወይስ ከሙታን . . ."

እዚያ ላይ ቆሙ። ዓረፍተ ነገሩ አፋቸው ውስጥ ቀረ። የሰርካለም እንባ ነጠላዋ ላይ ይወርድ ነበር።

"እንግዲህ ቄስ፣ ቅሬው በግዝትና በማርያም መሐል ተይዟል" አሉ አቶ የሻው ቀስ ብለው። "በየትኛው እንደምንኮነን እርስዎ ይንገሩን።"

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

"በተሰበሰባችሁበት አስሬ ነበር፣ በተሰበሰባችሁበት ልፍታ" አሉ። "እግዚአብሔር ይፍታችሁ። አንቺም ማርያምን አንሺላቸው።"

"አንሥቻለሁ፣ አባ።"

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ፤ እኔም ጠላዬን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ሰርካለም ሄዳ አባቴ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እንደምትሄድ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስታና ሐዘን አንድ ላይ መጡብኝ።

አባቴ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መመረቅ ጀመሩ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ እጅሽ የነካው ይዳን፣ የሰው አገር ሰው እንደ ወገን ይይሽ አሉ። እኛም አሜን አልን። ምርቃቱ ሲያልቅ እጃቸው ይነሣል ብለን ስንጠብቅ አልተነሣም።

"ብሞት ይነግሩሻል" አሉ።

"እሺ፣ አባ።"

"ስትሰሚ ነዪ። ሥራውም ይቅር፣ ነዪ።"

"እሺ፣ አባ።"

አሁንም እጃቸውን አላነሡም። አባቴ ለልጃቸው የሆዳቸውን ሲናገሩ እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ዓይኔን ወደ ሌላ ልመልስ ስል እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው።

"ሳልሞትም ነዪ።"