የሰው መጋረጃ

የሰፈሩ ሰው «ብርዶ» ይላታል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ቁጥር «ዛሬ ውርጭ አለ» ስለምትል ነው። ይሳቁባት እንጂ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ችግኝ ጣቢያ ስትሠራ ያላየችው የብርድ ዓይነት የለም። ዘንድሮ ግን ችግኙ የራሷ ነበር። ከታላቅ እህቷ ቤት ጓሮ በእንጨትና በላስቲክ ግሪንሃውስ አቁማ፣ ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ቲማቲም አፍልታበታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት የተነሣ ነፋስ የጣሪያውን ላስቲክ ከጥግ እስከ ጥግ ሰነጠቀውና፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ዝም አለ። ሰማዩ መስታወት መሰለ። ብርዶ ሽቅብ አየችና ጆንያ መሰብሰብ ጀመረች።

ያላትን ጆንያ ሁሉ ሰፍታ ብትወጥረውም የቀዳዳውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ልብስ ሰፊ ወደሆነችው እህቷ ሮጣ ስትገባ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወፍራም መጋረጃ ተከምሯል።

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ አውሺኝ።»

«አብደሻል? የሰው አደራ ነው! ነገ ጠዋት ባለቤቷ ትመጣለች።»

«ችግኙ ነገ ጠዋት አይኖርም እኮ።»

«እንግዲያው የራስሽን አልጋ ግፈፊ!»

ገፈፈችው። አንሶላዋንና ብርድ ልብሷን ከጣሪያው አሰረች። ፀሐይ ያሞቀችውን ውሃ በጀሪካን ሞልታ በመደቦቹ መሀል ደረደረች። ከዚያ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችና ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጠች። አራት። ሦስት። ሊነጋ ሲል አንድ ሆነ። ጤዛ የጠጣው ብርድ ልብስ ከበደና ዘጭ ብሎ ወደቀ። ቅዝቃዜው በቀዳዳው ዘልቆ ማጅራቷን ያዛት። ልታነሣው ብትታገል ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

«ጥጉን ያዢ!» አለ ከበሩ ድምፅ።

እህቷ ናት፤ በሌሊት ልብሷ፣ መጋረጃውን በትከሻዋ ተሸክማ።

«ምን ያስፈጥጥሻል? ያዢ እንጂ!»

ተጋግዘው ወጠሩት። ቴርሞሜትሩ ዜሮን ነካ፤ እዚያው ቆየ። ብርዶ ፀሐይ ሳትመታቸው ውርጩ ይቅለጥ ብላ ውርጭ የያዛቸውን ችግኞች ውሃ እየረጨች ታጥባቸው ጀመር። በበሩ በኩል ያሉት ሁለት መደቦች ግን የፈላ ውሃ እንደፈሰሰባቸው ጠቁረው ተኝተዋል። የቀረው ቆሟል።

የመጋረጃው ባለቤት በሰዓቷ ከተፍ አለች። እህትየው አልዋሸችም፤ ጭቃ የነካውን ጫፍ አሳይታ የሆነውን ነገረቻት።

«ለቲማቲም?» ብላ ሴትዮዋ አገር ይያዝልኝ አለች። መጋረጃው ታጥቦና ተተኩሶ ቢላክላትም ዳግመኛ ሥራ አልሰጠቻትም።

ያን ዕለት ሴትዮዋ በሩን ወርውራው እንደወጣች፣ እህትየው ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ደንበኛዬን አሳጣሽኝ።»

ብርዶ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

«ይቅርታሽ ይቆየኝ። አሁን ሱቅ ሂጂና ላስቲክ ግዢ፤ ሁለተኛ በሌሊት ልብሴ ጣሪያ ስወጥር አልገኝም!»