ጋሽ ታደሰ የጠፈሩት ይዳኪ

ጋሽ ታደሰ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ እዚህ ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚገኘው ቤታቸው በሰላም አርፈዋል። ሠልስታቸው ላይ የሰፈራችን ልጆች ከበውኝ፣ «እማማ፣ የዲጀሪዱውን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይጻፉልን» አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የምጽፈው እንደ አፌ ነው። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጋሽ ታደሰ አገር ቤት ከበሮና ኮርቻ ይጠፍሩ ነበር። ለንደን ሲገቡ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ትሪ አጣቢ ሆኑ። ማለዳ በቤከርሉ ላይን ባቡር ሄደው፣ ሲመሽ ደክመው ይመለሱና «እጄ ሥራ ፈታ» ይሉኝ ነበር። ስደት ሲወጡ ልብሳቸውን ትተው የያዙት አንድ ከበሮ ነው፤ በገዛ እጃቸው የጠፈሩት።

እኛ ፎቅ ላይ ሚስተር ቢል የሚባሉ፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የሆኑ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ረጅም የእንጨት መለከት ይሠራሉ፣ ይነፋሉም። እንግሊዞቹ ዲጀሪዱ ይሉታል፤ በሚስተር ቢል ወገኖች ቋንቋ ግን ስሙ ይዳኪ ነው። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ያዩት ቀን እንጨቱን አሸተቱና፣ «ይሄማ ባሕር ዛፍ ነው፤ የእንጦጦ ልጅ» አሉ።

ሚስተር ቢል ሳቁ። «ከኛ አገር ሄዶ ነው እናንተ ጋ የበቀለው።»

ጋሽ ታደሰ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው አሳድገንልዎታል» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። እንጨቱን ከውስጥ የሚቦረቡረው ሰው ሳይሆን ምስጥ ነው፤ ሠሪው ጫካ ገብቶ ግንዱን እያንኳኳ ባዶውን በጆሮው ይለያል። ቆርጦ ይልጠዋል፣ ያጠራዋል፣ አፉን ሰም ይለብጠዋል። ሚስተር ቢል ሲነፉ ትንፋሻቸው አይቋረጥም፤ ጉንጫቸው አየሩን እየገፋ በአፍንጫቸው ይስባሉ። እኔ፣ ሰውዬው መቼ ሊተነፍሱ ነው እያልኩ ልቤ ጥፍት ይል ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን ወዲያው ገባቸው፤ «ወናፍ ነው፤ አንዱ ሲሞላ አንዱ ይነፋል» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ። ሚስተር ቢል ከመንፋታቸው በፊት ይዳኪው ውስጥ ውሃ ያፈሳሉ። «ምነው፣ ከብት ነው እንዴ የሚያጠጡት?» ይሏቸዋል ጋሽ ታደሰ።

የሚስተር ቢል የእህት ልጅ ኤልሲ ልታገባ ሆነ። ለንደን ያላት ዘመድ አጎቷ ብቻ ስለሆኑ፣ ያለ አገሯ ድምፅ እንዳትዳር ሊነፉላት ቃል ገቡ። በሠርጉ ሳምንት ቤቱን ያከራየን ካውንስሉ የሚስተር ቢልን መስኮት ሊያድስ ሲመጣ፣ ይዳኪው ጋሽ ታደሰ ዘንድ እንዲቆይ ተሰጠ። እሳቸውም በውሃው ብዛት ድምፁ የከበደ መሰላቸው። የቀዘቀዘ ከበሮ እሳት ዳር ሞቆ አይደል ድምፁ የሚጠራው? የቤቱ ማሞቂያ ሂተሩ ላይ አስደግፈውት ሥራ ሄዱ። ሲመለሱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ጠበቃቸው። ለካ ውሃው እንጨቱ እንዳይደርቅ ኖሯል።

«አስካለ፣ የሰው ሠርግ አበላሸሁ» አሉኝ። አብረን ሄደን ነገርናቸው። ሚስተር ቢል ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «እንጨት ነው፤ ይሰነጠቃል» ብለው በራቸውን ዘጉ። የተቀየሙ መሰለን።

በነጋታው ጋሽ ታደሰ ፋብሪካው ደውለው ሲክ ነኝ፣ ታምሜአለሁ አሉ። ከበሮውን ከግድግዳ አወረዱ፤ ቢላ አነሡ።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ሌላ ቆዳ ይፈለግ» አልኳቸው።

«እኛ ፋብሪካ ዳቦ እንጂ ቆዳ አይጋገርም» አሉና ቀደዱት።

ቆዳውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው በቀጭኑ ተለተሉት። እኔ ጧፍ አቀለጥኩ፤ እሳቸው ስንጥቁን በሰሙ ሞልተው፣ እርጥቡን ጠፍር በጥርስም በጉልበትም እየሳቡ ጠመጠሙበት። «ጠፍር እርጥቡን ታዛዥ ነው፤ ሲደርቅ ግን አዛዥ ይሆናል። ብቻ ሂተሩ አጠገብ እንዳታደርሺው» አሉኝ።

የሠርጉ ዕለት ቅዳሜ ጠዋት ተሸክመውት የሚስተር ቢልን በር አንኳኩ። ሚስተር ቢል ጠፍሩን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ ጠፍር የበላውን የጋሽ ታደሰን ጣት አዩ።  በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ፤ ኮታቸውን ለብሰው ወጡና ይዳኪውን በብብታቸው ያዙ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሚስተር ቢል ውሃ ሲያፈሱበት ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያው ባዶ ነፋስ ሆነ። አንድ ሰው ሳለ። ሚስተር ቢል አፋቸውን አስተካክለው እንደገና ነፉ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከምድር ውስጥ እንደሚወጣ ሁሉ መጣ። ወለሉ ከጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ኤልሲ ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። እኔም እልልታዬን ለቀቅኩት፤ እንግሊዞቹ ዞረው አዩኝ፣ ደገምኩላቸው። ሚስተር ቢል ትንፋሻቸውን ሳያቋርጡ በቅንድባቸው ጋሽ ታደሰን ጠሩ። ኤልሲ ምት የሚመታባቸውን ሁለት አጫጭር በትሮች አስያዘቻቸው። ጋሽ ታደሰ መቱ! ሙሽራው ሳይቀር ጨፈረ።

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ታደሰ ቤት ከቆዳ ተለይቶ አያውቅም። የራሳቸውን ከበሮ ጠፈሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችንንም። ሰሜን ለንደን ኤድመንተን ድረስ በአውቶቡስ ሄደው የሰው ከበሮ ይጠግኑ ነበር፤ ዋጋ ሲጠየቁ «መትታችሁ አሰሙኝ» ነበር መልሳቸው።

ጋሽ ታደሰ፣ መንገድዎ የቀና ይሁን፤ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርዎ። ኤልሲ ለቅሶዎ ላይ መጥታ ነበር፤ ሸብታለች። አጠገቤ ተቀምጣ የነገረችኝን እርስዎ ሳይሰሙት ሄዱ፤ እኔም የሰማሁት ገና አሁን ነው። ያን ቅዳሜ በሩን ሲያንኳኩ፣ ሚስተር ቢል ምንም ያልነካው ሌላ ይዳኪ ሰም ለብጠው፣ ለሠርጉ አዘጋጅተው ጨርሰው ነበር። የእርስዎን ሲያዩ ያኛውን ከበሩ ኋላ አቁመውት ነው የወጡት።