የውሰት ተጫዋቹ ሻንጣ

ሰፊ ቁም ሣጥን የተሰጠው ሰው፣ ዓመት ሙሉ ልብሱን ከሻንጣ እያወጣ የሚለብሰው ለምንድን ነው? አከራይዋ ዶና ፌሊስቤላ መልሱን አታውቅም፤ ነገሩ ግን ያናድዳታል።

ሰውዬው ከፖርቱጋሏ ብራጋ በላይ ባለችው ትንሿ ከተማቸው ያለው የእግር ኳስ ክለብ በውሰት ያመጣው አማካይ ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ደረጃውን በጎኑ ይወርዳል። ዕድሜውን በውሰት ከክለብ ክለብ ሲዞር ነው የጨረሰው። ዶና ፌሊስቤላ እሁድ እሁድ ከተመልካቹ መሃል ሆና "ምታው እንጂ፣ አንተ ፈዛዛ!" እያለች ድምጿ ይዘጋል። እሱ ጎሉ ፊት ደርሶ ለሌላ ያቀብላል። ማታ ደግሞ የመጨረሻዋን ሰርዲን ወደ እሷ ሳህን ይገፋል።

"እዚህም ታቀብላለህ?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ዶና ፌሊስቤላ።"

ክለቡ በቋሚነት እናስቀርህ ብሎት ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጠም። እንዲቀርላት ትፈልጋለች፤ አፍ አውጥታ ግን አትነግረውም። የተጫዋቾች ዝውውር እኩለ ሌሊት ላይ በሚዘጋበት ቀን፣ ኩሽና ጥሎት የሄደው ስልክ አላርፍ አለ። ሌላ ከተማ ሊወስደው የሚፈልገው ወኪሉ ነበር። ስልኩን ይዛ እየተነጫነጨች ደረጃውን ወጣችና የክፍሉን በር ገፋችው።

"ቁርጡን ንገረው! ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?"

ሻንጣው ባዶውን ወለሉ ላይ ተከፍቷል። ሸሚዞቹ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅለዋል።

"ይጩህ፣ ይተዉት" አለ ከአልጋው ሳይነሳ። "መስቀያ ግን አንሶኛል፤ ነገ ይፈልጉልኝ።"

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ እጇ ውስጥ እየጮኸ፣ እሱን እንቅልፍ ወሰደው።