ጡንቻውን የበሉት እንግዳ

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ልጄ የጤና ኮሌጅ ስትገባ ላስጠናት የምችለው ነገር ያለ አልመሰለኝም። እኔ የምችለው መጨነቅ ነው፤ እሱን ግን አሳምሬ እችላለሁ። ስታጠና ደብተሯ ላይ ውሃ እንዳይፈስ ብዬ ኩባያውን አነሳለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ይጠማታል ብዬ መልሼ አመጣለሁ።

በዚያ ሰሞን በደንብ የሚያስጨንቅ ነገር ነበረኝ። ልጄ ስለ ሰው አካል በሚያስተምሩት ትምህርት ወድቃ ድጋሚ እንድትፈተን ተፈቅዶላት ነበር። አሁንም ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። የወደቀችው ደግሞ ሰንፋ አይደለም። መምህሩ ፊት ለፊት አቁሞ በቃል ሲጠይቃት አንደበቷ ተሳሰረ። እንግሊዝኛውን እንደ መዝሙር ትወጣዋለች፤ መሃል ላይ ሰው ቀና ብሎ ካያት ግን ሁሉም ይጠፋታል።

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት፣ "እስቲ ለእኔ ንገሪኝ" አልኳት።

"አይገባሽም፣ እማ።"

"እኔ ካልገባኝ አንቺም በደንብ አልገባሽም ማለት ነው።"

ተናደደች፤ ቢሆንም ነገረችኝ። አካላችን የተሠራው ከአራት ዓይነት ህብረ ህዋስ ነው አለች። ተመሳሳይ ህዋሳት ለአንድ ሥራ ሲሰባሰቡ ህብረ ህዋስ ይባላሉ፤ ሸፋኝ፣ አገናኝ፣ ጡንቻ እና ነርቭ። ሥዕሉን አሳየችኝ። ለእኔ የተደፋ ምስር ነው የመሰለኝ።

"ይሄ ሁሉ በሬ ላይ የለም?" አልኳት።

አሰብ አድርጋ "አለ" አለች። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ሥጋ ቤት ሄድኩ።

ሥጋ ሻጩ ያውቀኛል። ገና አፌን ሳልከፍት የምርመራውን ማህተም እንዳይ ሥጋውን አዞረልኝ። ቀይ ሥጋ፣ ጨጓራ፣ ጅማትና ትንሽ አንጎል አልኩት።

"አንጎሉ ለማን ነው?"

"ለልጄ። ነገ ፈተና አላት።"

"እንግዲያውስ አብዝቼ ልስጥሽ፣ እናቴ!" አለ። ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ።

ቤት ገብቼ አራት ሳህን ሦስት ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ቢላዋውን በፈላ ውሃ ነከርኩ። አራቱን ነገሮች በየሳህኑ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ዝንብ እንዳያርፍባቸው በወረቀት ማባረር ጀመርኩ። ልጄ "ሸፋኝ…" ብላ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሳይደውሉ ከተበላ ከተማ በሚኒባስ መጥተው ኖሯል። ድምፃቸው ቤት ይሞላል። ልጄ እሳቸው ፊት እንኳን ልታወራ፣ ሰላምታዋም አይሰማም።

እኛ ዘንድ ሥጋ ቀርቦ ሰው ከገባ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አፌ እኔን ሳያማክር "ኑ፣ እንብላ!" አለ።

እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። "ዳጣ የለም እንዴ?" አሉ። ለባል ወንድም ምን ይባላል? ያንን የሚያቃጥል ዳጣ ራሴ አምጥቼ አቀረብኩ። ቀዩን ሥጋ በቢላዋ ቆረጥ እያደረጉ፣ ዳጣ እያስነኩ ይጎርሱት ጀመር።

"አጎቴ፣ እሱ ጡንቻ ነው!" አለች ልጄ። ድምፅዋ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

"ታዲያ ምን መስሎሽ ነው የምበላው?" አሉ እያኘኩ። ወደ ጨጓራው ዞሩ። "ይሄስ ለምን ሳይከተፍ ተቀመጠ?"

ልጄ ሳህኑን በእጇ ከለለችው። "አይከተፍም! ሸፋኝ ነው።"

"የምን ሸፋኝ? ከሆድ ውስጥ የወጣ አይደል?"

"ሽፋን ከውጭ ብቻ አይደለም። እንደ ቆዳችን ሁሉ የጨጓራም የውስጥ ፊቱ ተሸፍኗል። ህዋሶቹ ክፍተት ሳይተዉ ተጠጋግተው ነው የተደረደሩት።"

"እንደ ተበላ ሚኒባስ ተሳፋሪ በይኛ።"

"አዎ፣ ልክ እንደሱ!"

"እሺ፣ ይሄን ጅማት እንኳ ለድመቷ ጣሉላት።"

"ኧረ አይጣልም! እሱ አገናኝ ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስር። አጥንትም፣ ጮማም፣ ደምም ከእሱ ወገን ናቸው።"

"ደም? ፈሳሽ ምን ያገናኛል?"

አሁን አለቀላት ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ። ልጄ ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ "የአገናኝ ህዋሶች ተራርቀው ነው የሚቀመጡት፤ በመካከላቸው ሌላ ነገር አለ። አጥንት ላይ ያ ነገር ጠጣር ነው፤ ደም ላይ ፈሳሽ ነው" አለቻቸው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ይህን ሁሉ የምትናገረው በወላይትኛ ነው። የሸመደደችው እንግሊዝኛ የት እንደገባ እንጃ።

አጎትየው አንጎሉን አሽትተው "ይሄ ተበላሽቷል፣ አውጡት" አሉ።

"ነርቭ ነው! ዳጣው እንዳቃጠለዎት የነገረዎት እሱ ነው።"

ላባቸውን ጠረጉ። "ታዲያ ቀደም ብሎ አይነግረኝም ነበር?" አሉ። ቀጥለው ባዶውን ሳህን እያዩ፣ "የበላሁትስ ሥራው ምንድን ነው?"

"ይኮማተራል፣ ይላላል። መንጋጋዎን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ጡንቻን በጡንቻ ነው የበሉት።"

በመጨረሻ የፈተናውን ነገር ስነግራቸው ቢላዋውን አስቀመጡ። "እና ለምን እንብላ አልሽኝ?"

"አፌ ነው" አልኩ።

በማግስቱ ሹራቧን ይዤ ኮሌጁ በር ላይ ቆምኩ። ፀሐይ ነበር፤ ቢሆንም ያዝኩት። ስትወጣ ገና ከሩቅ ፊቷን አነበብኩ፤ ምንም አልገባኝም።

"መምህሩ መሃል ላይ ቀና ብሎ አየኝ" አለች።

"ወይኔ! ከዚያስ?"

"ጅማቱን ለድመት ሊጥልብኝ የመጣ መሰለኝ። ቶሎ ቶሎ ነገርኩት።"

አልፋለች። ወሬው ተበላ ሲደርስ አጎትየው ያስተማርኳት እኔ ነኝ ማለት ጀመሩ። አሁን ሳይደውሉ አይመጡም፤ ሲደውሉም ደህንነታችንን ሳይሆን የሚጠይቁት፣ "ፈተና አለ?" ነው። ባለፈው ልጄ ቀጣዩ ትምህርት ስለ ጉበት መሆኑን ነገረቻቸው።

"ዳጣውን እኔ ይዤ እመጣለሁ" አሉ።