ለሚካኤል ማኅበር የታሰበው አረቄ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሣራ ለልደቴ ብላ ወደብ ዳር ቢየርቪካ ሰፈር ወዳለ አንድ ትንሽ የውስኪ ማምረቻ ወሰደችኝ። እኔ ከቢራ አልፌ አላውቅም፤ ግን ልጅ ሲጋብዝ እምቢ አይባልም። ገና ካፖርታችንን ሳናወልቅ የፈላ እህል ሽታ ተቀበለኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሣራ የደከመኝ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ። ድካም አልነበረም። ሽታው ሮምሶስ ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አክስቴ የሺ ማዕድ ቤት ወስዶ አስቀምጦኝ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከካርቱም ያስመጣችኝ አክስቴ ናት። እሷ ቢሮ ታጸዳለች፣ እኔ ኖርስክ ኩርስ፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ እማራለሁ። የመኖሪያ ፈቃዳችን በየዓመቱ የሚታደስ ስለነበር አክስቴ ፖሊስ የሚለውን ቃል ራሱ ድምጿን ቀንሳ ነው የምትጠራው። ይህች ፈሪ ሴት ግን በአንድ ነገር ደፋር ነበረች። የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ አረቄውን ራሷ ታወጣለች።

«ለሚካኤል የሱቅ ጠርሙስ አላቀርብም፤ እናቴ ከመቃብሯ ሆና ትታዘበኛለች» ትል ነበር። እዚህ አገር አረቄ በቤት ማውጣት ወንጀል መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ጌሾው ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ መጣ። ድፍድፉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሰነበተ፤ እኛም እንደ አራስ እየተጠነቀቅንለት በጎኑ እናልፋለን። በሸክላው ፈንታ ትልቅ የብረት ድስት፣ በመቃው ፈንታ የመዳብ ቱቦ ነበራት። ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ መረገችው። የቱቦው ጫፍ የሚገባበት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል፤ የባልዲው ውሃ ከሞቀ እንፋሎቱ አረቄ አይሆንም። ሽታው እንዳይወጣ መስኮቱን ዘግታ የአየር መውጫውን በጨርቅ ወተፈችው።

ያን ቀን፣ በጥር ብርድ፣ ወደ ሥራ ስትወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ከእሳቱ አትለዪ። ሰው ቢያንኳኳ አትክፈቺ። ውሃው ሲሞቅ ከበረንዳው በረዶ እየዛቅሽ ጨምሪበት።»

በበረዶው ትኮራ ነበር። «እናቴ ለዚህ ውሃ ወንዝ ስትመላለስ ወገቧ ተቀጨ። እኔ ደጄ ድረስ ወርዶልኝ ቧንቧ ልክፈት?»

ቤቱ ውስጥ በላብ ተጠመቅሁ። በረዶ ልዝቅ በነጠላ ጫማና በስስ ቀሚስ ወጣሁና ሽታው እንዳያመልጥ በሩን ከኋላዬ ገፋ አደረግሁት። ድሮም የላላው እጀታ ከውስጥ ቀጭ ብሎ ወረደ። ብገፋም ብጎትትም አልከፈት አለ። ከውጭ በኩል እጀታ የለውም።

በመስታወቱ ድስቱን አየዋለሁ። ምድጃው እንደበራ ነው። ቆይቶ ሊጡ በአንድ ጎኑ ተሰነጠቀና እንፋሎት ይተፋ ጀመር። ብጮህ ሰው ይደርሳል፤ ከሰው ጋር ፖሊስ ይደርሳል፤ ከዚያ እኔም አክስቴም ወደ መጣንበት። ዝም ብል ደግሞ ወይ እኔ እደርቃለሁ ወይ ቤቱ ይነዳል። አጣብቂኝ የሚባለውን በእግሬ ጣቶች ተማርኩት። «ሚካኤል፣ ለአንተ ተብሎ ነው እኮ!» አልኩ በሹክሹክታ።

ጎረቤታችን ኦላቭ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ለወፎች ፍርፋሪ ሊበትኑ ወደ በረንዳቸው ወጡ። የሚለየን ስስ ጣውላ ብቻ ነው።

«በሩ ተቆለፈብሽ?»

«ናይ፣ አይደለም» አልኳቸው ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ። «በረዶ ደስ ይለኛል።»

እግሬን አዩ። ቀና ብለው አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። ተመልሰው ገቡ። አለቀልን፣ ስልክ ሊያነሱ ነው አልኩ።

ሲመለሱ የያዙት ግን የሱፍ ብርድ ልብስና ካቻቢቴ ነበር። ጣውላውን ፈትተው አለፉ፣ የበሩን ጠርዝ ፈልቅቀው ከፈቱ፣ ቀጥ ብለው ሄደው ምድጃውን አጠፉ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው አሸተቱት።

«ወንዱ አያቴ ጫካ ውስጥ ያወጣ ነበር» አሉኝ፣ እንዲገባኝ ቀስ እያሉ። «ፖሊስ ሲመጣ ሴቷ አያቴ ማሰሮውን አልጋ ውስጥ ትደብቅና እኔን ከላይ ታስተኛኛለች። ታመምኩ በል ትለኛለች። አንዴማ ከፍርሃቴ የተነሳ የእውነት አተኮሰኝ።» ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡና «ለፖሊስ የምደውል መስሎሽ ነበር?» አሉኝ።

«ያ፣ አዎ» አልኳቸው። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ አስተካክለውልኝ በመጡበት ወጡ።

አክስቴ ስትገባ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰው አወቀብን» አለችና አረቄውንም ድፍድፉንም ሽንት ቤት ደፋችው። ለማኅበሩ የብርቱካን ጭማቂ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ አላወጣችም፤ ሙያዋንም ከእሷ የተማረ የለም። ኦላቭ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙን ፈገግ ብለው ሰላም ይላሉ፣ እሷ ወለል ወለሉን ታያለች። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንደዚያ የምትፈራቸው አይመስለኝም፤ የከበዳት ምስጢሯን የያዘ ደግ ሰው መኖሩ ነው። ሁለቱንም ሳስብ ዛሬም ያሳዝኑኛል።

የቅዳሜው የውስኪ ማምረቻ አስጎብኚ ጎልማሳ ነው። የመዳቡን ጋን እየደባበሰ «ይህ የአያቶቻችን ቅርስ ነው» አለ፤ በየጫካው ተደብቀው እንዴት ያወጡ እንደነበር ተረከ። ከዚያ እየቀለደ በቤተሰቡ አረቄ ሲወጣ ያየ እጁን እንዲያነሳ ጠየቀ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እየሳቁ አነሱ፤ አንዷ ሴትዮማ ሁለቱንም እጆቿን። ሣራ ወደ እኔ ዞረች።

«ማማ፣ እናንተ ጋስ?»

የዚህ አገር ዜጋ ከሆንኩ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። አክስቴም አፈር ከለበሰች ቆይታለች። ማንም ምንም እንደማያደርገኝ አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን እንደ ቤት ዕቃ ይወረሳል መሰለኝ፣ ሙያው ሳይወረስ።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኳት። አመነችኝና ወደ አስጎብኚው ዞረች።