ፒንግ ፖንግ በተሰበረ እጅ

ቀኝ እጄ የተሰበረው ሮቤ ውስጥ፣ ከገበያ ወደ ቤት ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ጋሪ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ነው። ክረምት ነበር። ፈረሱ ምንም አልሆነም፤ ባለጋሪውም ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። እኔ ግን እጄ ላይ ነበር የወደቅኩት። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረልኝ። ጥቅምት ላይ ሲፈታ አጥንቱ ገጥሞ ነበር፤ አንጓዬ ግን አልታጠፍ አለኝ፤ ጣቶቼም ብርጭቆ እንኳን መጨበጥ አቃታቸው።

ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ ከሆነ ብዙም አልቆየም። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ለዓመታት የሠራ ጣቴን የላቲኑን ፊደል፣ ቁቤን፣ እንደ አዲስ አስተምሬው ገና መፍጠን ስጀምር ነው ይሄ የደረሰብኝ። የክፍል ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም። መዝገብ ቤት ገብቼ ደብዳቤ እንድቀበል አደረገኝ፤ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት እንደሚፈትነኝ፣ መጻፍ ካልቻልኩ ግን ቦታው ማስታወቂያ እንደሚወጣበት በግልጽ ነገረኝ። ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤት ውስጥ እናቴና ሁለት ሴት ልጆቼ የሚያዩት የእኔን እጅ ነው።

ጎባ ያየኝ ሐኪም መድኃኒት አላዘዘልኝም። እጅሽን አሠሪው፣ በፈለግሽው ነገር አሠሪው፣ ብቻ ዝም ብለሽ አታስቀምጪው ብሎ መለሰኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ግቢ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ነበር። አናጢ ከተራ ጣውላ የሠራው ነው፤ መረብ ስለሌለው መሀሉ ላይ ሳንቃ በጎኑ አቁመውለታል። ምሳ ሰዓት ላይ ወንዶቹ ተራ ይዘው ይጫወታሉ። ሴቶቹ ቆመን ከማየት በቀር ነክተነው አናውቅም፤ የከለከለን ሰው ግን አልነበረም። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን እኔም ተራ ያዝኩ። ሲደርሰኝ ራኬቱን በግራ እጄ አነሳሁ። ከሁሉም የሚበልጠው፣ የግዢ ክፍሉ ጎልማሳ፣ ቀስ አድርጎ መታልኝ። ኳሷን አየር ላይ ሳትኳት። ሁለተኛዋን አገኘኋት፤ የተለቀመችው ግን ከአጥሩ ሥር ነው። ሃያ አንድ ለባዶ ተሸነፍኩ። ማንም አልሳቀብኝም። እንደ እንግዳ ተጠንቅቀው አስተናገዱኝ፤ እኔን ደግሞ ከሳቅ ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው።

ለካ የግቢው ዘበኛ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ኖሯል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በቀድሞው ጦር ያገለገሉ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ፒንግ ፖንግ የተማሩት ወታደር ካምፕ ውስጥ ነው። ማታ ስወጣ ጠሩኝ።

«በግራሽ ከተጫወትሽ የሚማረው ግራሽ ነው» አሉኝ። «ቀኝሽን ማን ያስተምርልሻል?»

አይጨብጥልኝም አልኳቸው። ነገ ከሥራ ሰዓት በፊት እንድመጣ ነገሩኝ።

በማግሥቱ ስደርስ አመዳዩ ሣሩ ላይ ነበር። ራኬቱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ከእጄ ጋር አሰሩት። ትምህርቱ ኳሷን ወደ ላይ ማንጠር ብቻ ሆነ። ሦስት ጊዜ አነጠርኩ፤ ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ። በሳምንቱ ሰባት ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ መመላለስ የጀመርነው ከአንድ ወር በኋላ ነው። እሳቸው በእግራቸው ምክንያት ከቆሙበት አይነቃነቁም፤ ኳሷ ግን ወዴትም ብልካት ዞራ እጃቸው ትገባለች። ያለችን አንዲት ኳስ ናት። ስትጎደጉድ ሙቅ ውኃ ያለበት የሻይ ብርጭቋቸው ውስጥ ይጥሏታል፤ ትንሽ ቆይታ ተነፍታ ትወጣለች።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። ልጆች ያሏት ሴት በጠዋት ተነስታ ከዘበኛ ጋር ኳስ ስትጫወት ሰው ምን ይላል አለችኝ። ለእጄ ነው ብዬ ብነግራትም አላመነችኝም፤ እኔም መከራከሩን ትቼ በየጠዋቱ ወጣሁ።

ጥር ላይ አንዲት ኳስ ለማዳን ስንደረደር የታመመ እጄን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። አንጓዬ አበጠ። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። እብጠቱ ሲጎድል ጣቶቼ ወደ ድሮው ድርቀታቸው ተመልሰው አገኘኋቸው፤ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ላመሰግናቸውና እኔ ዘንድ የቆየውን ራኬት ልመልስላቸው ሄድኩ። ራኬቱን አልተቀበሉኝም።

«እግሬን የመታኝ ጥይት ትንሽ ነበር» አሉ። «ሐኪሙ በየቀኑ ተራመድ አለኝ። አመመኝና ተኛሁ። የጎዳኝ ጥይቱ እንዳይመስልሽ፤ መተኛቴ ነው።»

«ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ላስቲኩን ከኪሳቸው አውጥተው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም እጄን ሰጠኋቸው።

ረመዳን ገባ። ሁለታችንም ጿሚዎች ስለነበርን ጊዜውን ብናሳጥረውም አልተውነውም። ከኢድ በኋላ ላስቲኩን ጣልኩት፤ ራኬቱን በራሴ ጣቶች ያዝኩ።

ግንቦት ላይ የመንግሥት ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ሲደረግ ተመዘገብኩ። በሴቶች ፒንግ ፖንግ የቀረብነው ከጎባ የመጣች አንዲት ነርስና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ የመጀመሪያ ጨዋታችን የዋንጫ ጨዋታ ሆነ። ነርሷ ፈጣን ነበረች። በመጀመሪያው ዙር ሃያ አንድ ለስምንት፣ በሁለተኛው ሃያ አንድ ለአሥራ ስድስት አሸነፈችኝ። ያቺን አሥራ ስድስተኛ ነጥብ ያገኘሁት በቀኝ እጄ ወደ ጥግ በመታኋት ኳስ ነው፤ ነርሷ ቆማ አየቻት። ሁለተኛ የሚል የምስክር ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ። ስንት ሰው እንደተወዳደረ እናቴ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ወረቀቱን ለጎረቤት ስታሳይ ግን ሰማኋት።

ፈተናው ሰኔ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ሁለት ገጽ የኦሮምኛ ደብዳቤ ሰጠኝና ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጄ እንደ ድሮው አልሆነም። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬም በደንብ አትታጠፍም። የእሷ ፊደል ፒ ናት፤ ደግነቱ ኦሮምኛ ላይ ፒ እምብዛም አትገኝም። ሌሎቹ ጣቶች ታዘዙልኝ። ከሌላው ታይፒስት ዘግይቼ፣ ከተሰጠኝ ሰዓት ግን ቀድሜ ጨረስኩ። ኃላፊው ገጾቹን መስመር በመስመር አነበባቸው። ሁለት ስሕተት አገኘ፤ በእስክሪብቶ አከበባቸውና መልሶ ሰጠኝ።

«አስተካክዪና ከነገ ጀምሮ ወደ መኪናሽ ተመለሺ» አለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ በሩ ነው። ዘበኛው የሆነውን ስነግራቸው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ደግመው ደጋግመው አሉ፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ተራ ያዝኩ። የግዢ ክፍሉ ሰው በዚያም ቀን አሸነፈኝ፤ ሃያ አንድ ለአሥራ ሦስት። ይህን ጊዜ ግን አላዘነልኝም፤ ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ነው የመታው።