የታሰርኩት በደመና ነው

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ቦታው ስለጠበበ ግማሹ ሰው ተኝቶ ግማሹ ቆሞ ነበር። አዲስ ገቢ ሳይጠየቅ አይቀመጥምና ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ «በምን መጣህ?» አለኝ።

«በደመና።»

ሁሉም ሳቀ። አንዱ ከጥግ ሆኖ «ዝናቡን የት ጣልከው?» አለ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

አዲስ አበባ፣ በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ ሥራዬ የሳተላይት ፎቶግራፍ መቀበል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳተላይቶች ያነሱትን ደመና በቴፕ ይዘው ይቆዩና በባለቤቶቻቸው ጣቢያ ላይ ሲያልፉ ብቻ ያወርዱታል። በኋላ የመጡት ግን እያነሱ እዚያው አንቴና ላለው ሁሉ ይለቁለታል። ሳተላይቷ በላያችን ስታልፍ ድምፅዋን እንይዛለን፤ መሣሪያው ድምፁን ወደ ምስል እየለወጠ መስመር በመስመር ወረቀት ላይ ያትመዋል። ነጩ ደመና ነው፣ ጥቁሩ ባሕር። ከላይ ሲታይ አገር ድንበር የለውምና ደመናው የት እንዳለ ለማወቅ ድንበራችንን በቀይ እርሳስ እናሰምርበታለን። እኔ ሞኙ፣ ያውም በምሥራቅ ጦርነት ባለበት ጊዜ፣ አንዱን ፎቶ ለባለቤቴ ላሳያት ብዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ኬላ ላይ ሲፈትሹኝ ተያዝኩ።

መርማሪው ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«ይኼ ነጭ ምንድነው?»

«ደመና ነው ጓድ።»

«ሳተላይቷ የማን ናት?»

«የአሜሪካ።»

«አሜሪካ በነፃ ምን ሰጥታን ታውቃለች?»



ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። ነጩ የጦራችን ሰፈር ነው፣ ለጠላት እንዳደርስ የሰጠኝም የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ነው ብዬ ጽፌ ከፈረምኩ እለቀቃለሁ። አለቃዬ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ የልጆች አባት ናቸው። ብፈርም እንደሚረሸኑ አውቃለሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ግን እምቢ አልኩ። ውስጥ እግሬን ገርፈው ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

ካቦው እግሬን በጨው ውሃ እያጠበ «ነገም ይጠሩሃል። ምን ልትል ነው?» አለኝ።

«ዛሬ ያልኩትን።»

«ደግ። እግር ይድናል፤ ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው።»

በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝና መሬት ላይ ተቀምጬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ወንበር ካልመጣልኝ አልጽፍም አልኩ። መርማሪው የምናዘዝ መስሎት አስመጣልኝ። ተደላድዬ ተቀመጥኩና ጻፍኩ፦ «ነጩ ደመና ነው። ቀዩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሰጠኝም።» በመሥሪያ ቤታችን ልማድ የደመና ፎቶ ያለ ትንበያ አይወጣም፤ ስለዚህ ከሥሩ «በምሥራቅ ዝናብ ይጠበቃል» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ። መርማሪው ይህን ሲያነብ ወንበሩን ከሥሬ በእርግጫ አስወጣው። ለዚያች ትንበያ የእስር ዓመታት ከፍያለሁ።

አሁን የምኖረው ሮም ነው። ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቷ እዚሁ ያደገች ወጣት ናት፤ በቀደም ልብስ ልታሰጣ ስልኳ ላይ የሳተላይት ደመና ስታይ አገኘኋትና ይህንን ሁሉ አጫወትኳት።

«አሎራ፣ ታዲያ ጋሼ፣ ፈርመው አይወጡም ነበር?» አለችኝ። «እኔ ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ያልፈረምኩት ወረቀት የለም።»

«ያንቺ ወረቀት ላይ የሰው ነፍስ የለበትም» አልኳት።

ዛሬም ያንን ወረቀት ቢያመጡልኝ ያንኑ እጽፋለሁ። አለቃዬ ልጆቻቸውን ድረው፣ አርጅተው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት።